መብራት የት ይሄዳል?

«ቲቸር፣ ድምፅዎ ዝግ ነው።»

በአንድ ወር ውስጥ ይህችን ዐረፍተ ነገር የሰማሁትን ያህል፣ በ29 ዓመት የመምህርነት ዘመኔ «እንደምን አደሩ» የሚለውን የሰማሁት አይመስለኝም። ድምፄ ተዘግቶ አያውቅም ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ የጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህር በሩን አንኳኩቶ፣ «እባክህ ቀነስ አድርገው፤ ልጆቼ አልጀብራውን ትተው ያንተን ተረትና ምሳሌ እየጻፉ ነው» ብሎኛል። አሁን ግን ጥፍር የማታክል የማይክሮፎን ምስል፣ ቀይ ሰረዝ ተሰምሮባት፣ እኔን የሚያክል ሰውዬ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ዓሣ አድርጋው ቁጭ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ውጭ አገር ለተወለዱ ሐበሻ ልጆች በኢንተርኔት በቀጥታ አማርኛ የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል ተባለ። ደስ አለኝ። «ግን በመጀመሪያ የአራት ሳምንት ሥልጠና ይወስዳሉ» ሲሉኝ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ለአማርኛ? ለእኔ? ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ! የሆነው ሆኖ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ስክሪኑ ላይ የአሠልጣኛችን ፊት ብቅ ሲል አላመንኩም። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። ያውም በደንብ የማስታውሳት፤ ክፍል ውስጥ ወሬ ስላበዛች አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳው ሥር አንበርክኬያታለሁ። ስታወራ ያንበረከክኳት ልጅ፣ ልጆች እንዲያወሩ የማደርግበትን ዘዴ ልታስተምረኝ መጣች። እግዚአብሔር ቀጠሮ አይረሳም።

ከስክሪን ጋር የተዋወቅኩት ግን ያን ዕለት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ፕላዝማ» ሲገባ ነበርኩ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት ይመጣና፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። እኔ አማርኛ ስለማስተምር አመለጥኩ፤ ግን በመስኮት አየው ነበር። የፕላዝማው አስተማሪ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንድ ይቆማል፣ ከዚያ «ጎበዞች!» ይላል። ማንም አልመለሰም እኮ! ግማሹ ጥያቄውን ገና እየገለበጠ ነው። ከዚያ ደግሞ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ተባለና፣ እኛም በቴሌግራም ማስታወሻ መላክ ጀመርን። ሰዋስው እልካለሁ፤ አውራ ጣት ይመለስልኛል። ቅኔ እልካለሁ፤ አውራ ጣት። ነገሩ የገባኝ ዛሬ ነው፤ ያኔ ትምህርት ላክሁ እንጂ አላስተማርኩም።

አሠልጣኛችን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፒራሚድ አሳየችን። እንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች፣ ሬጊነ ሐምፐልና ኡርሱላ ስቲክለር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ነው። ቋንቋን በኢንተርኔት የሚያስተምር ሰው የሚያስፈልገውን ችሎታ በሰባት ፎቅ ደርድረውታል። ምድር ቤቱ ኮምፒውተር መነካካት ነው። ከዚያ የሚሠሩበትን ሶፍትዌር ማወቅ፣ ከዚያ ምን እንደሚችልና እንደማይችል መረዳት፣ ከዚያ ተማሪዎቹን እርስ በርስ ማላመድ፣ ከዚያ እንዲነጋገሩ ማድረግ፣ ከዚያ ፈጠራ፤ ሰገነቱ ላይ የራስ የአስተማሪነት ጠባይ። ሳየው ሳቄ መጣ። እኔ ሰገነቱ ላይ ኖሬ ምድር ቤቱን የማላውቅ ሰው ነኝ። ጠባይ ሞልቶኛል፤ ማይክሮፎኑ የት እንደሚከፈት ግን አላውቅም። ሊፍት አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ «ቲቸር፣ ደረጃ ብቻ ነው» አለችኝ።

ደረጃውን ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያደናቀፈኝ ሰዓት ነው። የምንለማመድባቸው ሦስት ልጆች ተመደቡልኝ፤ አንድ ወንድ ልጅ ከቨርጂኒያ፣ አንዲት ልጅ ከሲያትል፣ አንዲት ደግሞ ከስቶክሆልም። የቨርጂኒያው ልጅ እናት «ቅዳሜ 10 ሰዓት ይሁንልን ጋሼ» አለች። ተስማማሁ። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ኮት ለብሼ፣ ክራባት አስሬ ቁጭ አልኩ። ማንም የለም። የእሷ 10 ሰዓት ለካ ጧት ነው፤ የእኔ ከምሽቱ 12። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከራሴ ፊት ጋር ተፋጥጬ ቆየሁ። ይህን አርሜ 12 ሰዓትን በቃሌ ስይዝ ደግሞ፣ አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፉ። ትምህርቱ ወደ 11 ሰዓት መጣ። እኔ 12 ሰዓት ላይ ስገባ ልጆቹ ተምረው፣ ማለት ሳይማሩ፣ ሄደዋል። የስቶክሆልሟ ልጅ ደግሞ አውሮፓ ሰዓቱን የሚገፋው በማርች መጨረሻ እሑድ ስለሆነ ለብቻዋ ቀረች። አንድ ክፍል፣ ሦስት ተማሪ፣ አራት ሰዓት! ዕድሜ ልኬን «ለምን አረፈድክ?» እያልኩ ልጅ ከበር የመለስኩ ሰው፣ አሁን ማን እንዳረፈደ መወሰን አቃተኝ።

ሁለተኛው ዓይን ነው። «ቲቸር፣ ልጆቹን ሳይሆን ካሜራውን ይዩ» አለችኝ። እንዴት? ልጆቹ እዚህ ታች፣ ካሜራው እዚያ ላይ! ልጁን ሳየው እሱ የሚያየው ሽፋሽፍቴን ነው፤ እንዳየው ሲሰማው ደግሞ እኔ የማየው አንዲት ጥቁር ነጥብ ነው። መተያየት የሚባለው ነገር ጨርሶ የለም ማለት ነው። መፍትሔ ብዬ ትንሽ ወረቀት ላይ ዓይን ስዬ ካሜራው አጠገብ ለጠፍኩ። ባለቤቴ ቡና ይዛ ስትገባ አየችውና፣ «ለቡዳ ነው?» አለችኝ። «ለአሜሪካ ነው» አልኳት።

ከዚህ የባሰው የራሴ ፊት ነው። መምህር ሲያስተምር ፊቱን አያይም፤ ይህ ከእግዚአብሔር የተሰጠን ምሕረት ነበር። አሁን ግን ያ ጠይም ሽማግሌ ከልጆቹ ጎን ተቀምጦ አብሮኝ ያስተምራል። ስጠይቅ ቅንድቤ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ልጅ ሲሳሳት ከንፈሬ እንደሚጣመም ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው። የስንት ልጅ ወኔ በዚያ ከንፈር እንደቀረ አስቤ ደነገጥኩ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጽሑፍ የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም አራት ምክንያት ሲያቀርብ፣ አንዱ ይኸው የራስን ፊት ሲያዩ መዋል ነው። አሠልጣኛችን መደበቂያውን አሳየችኝ። ተጫንኩት። ሽማግሌው ሄደ፤ ተገላገልኩ።

ሦስተኛው ጆሮ ነው። እኔ ያደግኩት የኔታ ፊት፣ ዛፍ ሥር፣ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆን በአንድ አፍ እየጮህኩ ነው። ፊደል በዜማ ካልሆነ አይገባም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ለሦስቱ ልጆች «ከእኔ በኋላ!» ብዬ «ሀ!» አልኩ። «ሀ» ከቨርጂኒያ መጣ። «ሀ» ከሲያትል ዘግይቶ መጣ። እኔ «ሁ» ስል የስቶክሆልሙ «ሀ» ደረሰ። በሦስተኛው ፊደል ላይ ነገሩ የገደል ማሚቶ የሚጣላበት ሸለቆ መሰለ። አሠልጣኛችን ያስተማረችን ዘዴ እንዲህ ነው፤ የልጆቹን ድምፅ ዘግተህ ሁሉም በየቤታቸው ይጩኹ፤ አንተ ከንፈር ብቻ እይ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈትክ ስማ። ማለት ልጅ ሲጮህ እያየሁ እኔ ምንም አልሰማም። የኔታ ይህን ቢያዩ አርጩሜያቸውን ሰብረው ይሄዱ ነበር። ግን ይሠራል። ዓይን አፋሯ የስቶክሆልም ልጅ ማንም እንደማይሰማት ስታውቅ፣ ጉሮሮዋን ከፍታ ስትጮህ አየኋት።

ከንፈር ግን ሁሉንም አይናገርም። «ቀ» እና «ከ» ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ይህችው ልጅ ድምፅዋን ስከፍትላት «ከበሮ በጉን በላው» አለች። ቀበሮ ማለቷ ነው። ሲያዩት ሁሉም ትክክል፣ ሲሰሙት ከበሮ በግ ይበላል። አሠልጣኛችን «ትንፋሽሽን ያዢና ከ ለማለት ሞክሪ» አለቻት። ልጅቱ ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ቅ!» አለች፤ ጥርት ያለ። እኔ 29 ዓመት «ቀ በይ እንጂ!» ስል የኖርኩ ሰው፣ ቀ ትንፋሽ ይዞም እንደሚወጣ አስቤው አላውቅም። የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው አፉን አያውቀውም ለካ።

የቨርጂኒያው ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ከአባቱ መኪና ውስጥ በስልክ መስመር ብቻ ገባ። «የቤት ሥራህስ?» አልኩት። «ፈራሁ» አለኝ። አንጀቴን በላው። «አይዞህ፣ ምን ያስፈራል? እኔ አልቆጣም» ብዬ አምስት ደቂቃ አጽናናሁት። እሱ «ፈራሁ! ፈራሁ!» ይላል፤ እኔ አጽናናለሁ። ለካ «ሠራሁ» እያለ ነው። የቆየው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው፤ የሰ ፉጨት አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የደረሰው ፈ ይመስላል። ልጁ በመጨረሻ ዝም ብሎ የተጽናናበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። «ደስ ይል ነበር» አለኝ በኋላ። «አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ።» በቤታቸው አማርኛ የሚነገረው ለእናቱ ስለሆነ ለእሱ የሰው ልጅ ሁሉ አንቺ ነው። አላረምኩትም። እንደዚያ ዓይነት ምስጋና በእርስዎ ቢመጣ ይቀዘቅዛል።

አራተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ምላሴ ታሰረ። አሠልጣኛችን «ገባችሁ?» ማለት ከለከለችኝ። ገባችሁን! መምህር ያለ ገባችሁ ምን ይቀረዋል? «ቲቸር፣ ገባችሁ ሲሏቸው ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ያልገባውም ይነቀንቃል። እኔም ድሮ እነቀንቅልዎት ነበር።» ዝም አልኩ። «በእሱ ፈንታ የሚያሳዩት ነገር ይዘዟቸው።» እሺ ብዬ በማግሥቱ «ከቤታችሁ አንድ ቀይ ነገር ይዛችሁ ኑ!» አልኩ። ሦስቱም ተነሥተው ሮጡ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ባዶ ወንበር ቀረ። ተማሪ ከክፍል እንዲወጣ ያዘዝኩት ለቅጣት ካልሆነ በቀር ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። የቨርጂኒያው ልጅ አንድ እግር ጫማ ይዞ ተመለሰ። የሲያትሏ ልጅ፣ እዚያ ገና ጧት ስለሆነ በፒጃማዋ፣ ብርድ ልብሷን እየጎተተች መጣች። የስቶክሆልሟ እናቷ ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን የበርበሬ ከረጢት ይዛ መጣች፤ ያውም ከፍታ።

«ምንድን ነው?»

«በርበሬ።»

«ምን ያደርጋል?»

ልጅቱ አንድ ጊዜ አሸተተችና አስነጠሳት፤ ካሜራው ጭጋግ ለበሰ። «ያስነጥሳል!» አለች። «ያስነጥሳል» የሚለውን ግሥ እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላስተምር ብል፣ አስደራጊ ግሥ ብዬ ስጀምር ግማሹ ክፍል ያንቀላፋ ነበር። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ እኔ ክፍል ውስጥ ያልነበረኝ የልጁ ቤት ነው። አሁን ሙሉ ኩሽናው በጄ ነው።

አምስተኛው ፎቅ ከሁሉ ጠናብኝ፤ ልጆቹን ማናገር። እዚህ ላይ ችግሩ መሣሪያው ሳይሆን እኔው ነኝ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል እንደሆነ አሳየች። ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲያራዝሙት መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም ይናገራሉ። ያውም ፊት ለፊት! ሰዎች ሲጨዋወቱ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሴኮንድ ግድም እንደሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በ10 ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። አማርኛ ከ10ሩ ውስጥ የለም። ቢኖርና ሠርግ ቤት ሄደው ቢለኩን ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወጣ ነበር። በኢንተርኔት ግን ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው፤ ክፍተቱ ይሰፋል። መምህሩ ዝምታውን «አልገባውም» ብሎ ተርጉሞ ራሱ ይመልሳል። ልጁ ያኔ አፉን ይከፍታል፤ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ልጁ «ይቅርታ» ብሎ ለሳምንት ዝም ይላል።

አሠልጣኛችን አንዱን ትምህርቴን ቀድታ መልሳ አሳየችኝ። ከ40 ደቂቃው ልጆቹ በሙሉ ያወሩበት ጊዜ ሲደመር ስድስት ደቂቃ አልሞላም። የቀረው እኔ ነኝ። እጠይቃለሁ፣ እመልሳለሁ፣ «ጎበዞች!» እላለሁ። የፕላዝማውን አስተማሪ በመስኮት ስታዘበው የነበርኩት ሰውዬ፣ ክራባት አስሬ እሱኑ ሆኛለሁ። «ቲቸር፣ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ» አለችኝ። እስከ ሁለት እደርሳለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር ምላሴ አያውቀውም። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለስንት ትውልድ አስተምሬዋለሁ፤ ለራሴ ግን አልነገርኩትም።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት። አሠልጣኛችን ተባባሪ አስተናጋጅ ሆና፣ ካሜራዋን አጥፍታ ታየኛለች። ትምህርቱ «መሄድና መምጣት» ነው። ጥሩ ተነሣሁ። ካሜራውን አያለሁ፤ ገባችሁ አልልም። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ልጠይቅ አፌን ስከፍት መብራት ሄደ። የኢንተርኔቱ ሣጥን ዓይኖቹን ጨፈነ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ግን ባዶ ነው። ስልኬን ፍለጋ ተነሣሁ፤ ቻርጅ ላይ ናት፤ ማዕድ ቤት። መነጽሬን አጣሁት። ይለፍ ቃሉን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ላብ አጠመቀኝ። 29 ዓመት አስተምሬ በአንድ ቆጣሪ ምክንያት ልወድቅ ነው። ተመልሼ ስገባ አራት ደቂቃ አልፏል። በእነዚያ ደቂቃዎች የሆነውን በኋላ ከተቀዳው አየሁት።

«ጋሼ የለም» አለች የሲያትሏ።

«መብራት ሄደ» አለ የቨርጂኒያው። «አያቴ በስልክ ሁልጊዜ መብራት ሄደ ትላለች።»

«መብራት የት ይሄዳል?» አለች የስቶክሆልሟ።

ዝምታ። ቆጠርኩት፤ ሰባት ሴኮንድ። እኔ ብኖር ኖሮ በሁለተኛው ዘልዬ ገብቼ፣ «መብራት ሄደ ማለት ፈሊጥ ነው፣ ጻፉ» ብዬ ነገሩን እገድለው ነበር።

«ወደ ሌላ ሰው ቤት» አለ ልጁ በመጨረሻ።

«እግር አለው?»

«የለውም። ግን ይመጣል። ሲመጣ ሁሉም ‹መጣ!› ይላሉ። ይጮኻሉ።»

«እኛ ቤት መብራት አይሄድም» አለች የስቶክሆልሟ አስባ። «ቁጭ ይላል።»

እኔ በዚህ ጊዜ በስልኬ ገብቻለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ፣ ላብራራ፣ «ሄደ»ን ከ«ጠፋ» ጋር ላነጻጽር አፌን ከፈትኩ። ማይክሮፎኔ ዝግ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ «ቲቸር፣ ድምፅዎ ዝግ ነው» የሚለኝ ሰው ጠፋ። አሠልጣኛችን እያየችኝ ዝም አለች። እኔም ነገሩ ገባኝና እጄን ከስልኩ ላይ አነሣሁ። ልጆቹ ውኃም ይሄድ እንደሆነ መከራከር ጀምረው ነበር።

የግምገማ ወረቀቱ ሲመጣ «የተማሪዎች ንግግር» በሚለው ረድፍ ላይ እንዲህ ተጽፏል፤ «ከሁሉም የላቀ። መምህሩ ጣልቃ ከመግባት ተቆጥበዋል።» ደወልኩላት። «የኔ ልጅ፣ መብራት ሄዶብኝ እኮ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ ቲቸር» አለች። «እኔንም አውርተሻል ብለው አንበርክከውኝ ነበር፤ ያስታውሳሉ?» አስታውሳለሁ አልኳት። «ያን ዕለት ያወራሁት ጓደኛዬ ያልገባትን እያስረዳኋት ነበር።»

ምን ይባላል? ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳቀች። አለፍኩ፤ ሁለቱንም።

አሁን በየቅዳሜው አስተምራለሁ። በየትምህርቱ መካከል አንድ ጥያቄ ጥዬ ካሜራዬንም ድምፄንም ለአራት ደቂቃ እዘጋለሁ፤ ቡናዬን ይዤ እሰማለሁ። እንግዲህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ሲማሩ በበር ብቅ ስትሉ ጋሼ ከስክሪኑ ላይ ከጠፋሁባችሁ፣ አደራ፣ አትደውሉ፤ ለልጆቹም አትመልሱላቸው። መብራት ሄዶ ነው። ይመጣል።